አያቴ በሰንበት እንዳይወርዱ ስላደረገው ብልህ ዲመር፣ ለሕንጻችን ቫዓድ ባይት

እስራኤል፣ ሬሖቮት፣ ክርያት ሞሼ
ሐሙስ፣ 15.1.2026

ለተከበሩ ወይዘሮ ያፊት፣
የሕንጻችን የቫዓድ ባይት (የነዋሪዎች ኮሚቴ) ሰብሳቢ፣
አራተኛ ፎቅ።

ደብዳቤ በዚህ ዓይነት ይጀመር እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልመን፦ ይህን በአማርኛ የምጽፈው እርስዎ አማርኛ ስለማያነቡ ነው። በዕብራይስጥ ቢሆን ኖሮ መግቢያው ላይ ሳልለጥፈው እቀደው ነበር። ደግሞም በዕብራይስጥ ሁላችንም እኩል «አንቺ» እንባባላለን፤ በአማርኛ ግን እርስዎን እንደሚገባ አክብሬ መናገር እችላለሁና፣ ይህን አጋጣሚ ማጣት አልፈለግሁም።

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ አቶ አሎን ደህና ናቸው? ውሻዎስ? እኛ በሦስተኛ ፎቅ ያለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። አያቴ ወይዘሮ ዘነበወርቅም ደህና ናቸው፤ ሰንበት በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ ከመታሰራቸው በቀር ምንም የጎደለባቸው የለም። በዚህ ሰንበት ብቻ ትንሽ ተጨንቀዋል፤ የሞቱት ታላቅ እህታቸው የሙት ዓመት ስለሆነ በቤት ክኔሴት፣ በጸሎት ቤታችን፣ ስማቸው ተጠርቶ ጸሎት ይደረግላቸዋል፤ እህታቸውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ እዚህ አገር ከአያቴ በቀር አልቀረም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ አዲሱ ዲመር ምስጋናዬን ላቅርብ። ይህን ወረቀት ቆመው የሚያነቡ ጎረቤቶች ስሙን ባያውቁት፣ ዲመር ማለት የመብራትን ብርሃን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ ነው። የእኛው ብልህ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ፣ በየፎቁ በተተከለለት ትንሽ ዓይን ሰው ሲንቀሳቀስ አይቶ በራሱ ያደምቃል፣ እንቅስቃሴ ሲያጣ ያደበዝዛል፣ ትእዛዝ የሚቀበለውም ከእርስዎ ስልክ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የነበረን ማብሪያ የማንንም ጣት ይታዘዝ ነበር፤ ከሱ ጋር የተገጠመው የሰንበት ሰዓትም ዓርብ ማታ አብርቶ ቅዳሜ ማታ ያጠፋ ነበር። ደረጃችን መስኮት የለውምና አያቴ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ብርሃን ይወርዱ ነበር። ሁለቱም አሮጌ ናቸው ተብለው ተነቀሉ። አሮጌ ነገር ሲነቀል የሚሰማውን ደስታ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ልበላቸውና፣ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው። በዋትሳፕ ቡድናችን የሦስት ዲመሮች ፎቶ አውጥተው «ምረጡ» ስላሉን በእጅጉ ተከብረናል። የመጀመሪያው በእጅ የሚዞር፣ ያደረሱት ቦታ ላይ የሚቆም ተራ ነገር ነበር። ሁለተኛው ቀንና ሰዓት የሚሞላለት ነበር፤ ግን አንድ ተጨማሪ ሽቦ ስለሚፈልግና በአሮጌው ግድግዳችን ውስጥ ያ ሽቦ ስለሌለ፣ ግድግዳ መቦርቦር ሊኖርበት ነው ተባለ። ሦስተኛው አሁን ያለን ነው። እናቴ ክርያት ቫይዝማን ባሉት ቢሮዎች ውስጥ ሌሊት ታጸዳለች፤ ስልኳን ሰጥታኝ «አንቺ ታነቢያለሽ፣ አንቺ ምረጪ» አለችኝ። እኔም ስለ ሦስቱም የተጻፈውን፣ የገባኝንም ያልገባኝንም፣ አነበብኩና በዚያ ቡድን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «በሰንበትስ ሦስተኛው እንዴት ይሆናል?» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም በአውራ ጣት መለሱልኝ። አውራ ጣት ለ«እንዴት» መልስ ሊሆን እንደሚችል ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም ነበርና፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እስከ ማክሰኞ ያልመለሰ እንደተስማማ ይቆጠራል ስላሉም፣ ስልካቸው ቁልፍ ብቻ ያለው አያቴ ከመጀመሪያዎቹ ተስማሚዎች አንዷ ሆነው ተቆጠሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ አምፖሎቹ። ይኼ ትንሽ ነገር ነው፣ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የድሮዎቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ከዲመር ጋር ስለማይስማሙ የሚስማሙ ተገዙ፤ ለአራተኛ ፎቅ፣ ለመግቢያውና ለሌሎቹም ተደረጉ፤ እኛ ጋ ሲደርስ አለቁ። ስለዚህ ብርሃኑ ሌላ ቦታ ደብዘዝ ሲል እኛ ጋ ጥቂት ይርገበገብና ጭራሽ ይጠፋል። ይጮኻልም። አያቴ ንብ የገባ መስሏቸው በመጥረጊያ ፈልገውታል።

ሦስተኛ፣ ያለፈው ቅዳሜ። ይህንን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

አያቴ በሰንበት እሳት አይነኩም፣ መብራት አያበሩም፣ በሰውም አያስበሩም። ዲመሩ ደግሞ በሳቸው እርምጃ ይበራል። ስለዚህ ከተተከለ ወዲህ ነጠላቸውን ለብሰው በራችን ውስጥ ቁጭ ብለው የሰው ኮቴ ሲያዳምጡ ያረፍዱ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ዘዴ መጣላቸው። «ሌላ ሰው ለራሱ ባበራው ብርሃን ውስጥ ብሄድ ምን ኃጢአት አለው?» አሉኝ። ባለቤትዎ አቶ አሎን ውሻውን ይዘው ሲወርዱ ስንሰማ በሩን ከፍተን ከኋላቸው ተከተልን። አያቴ እንደ ልጅ ተደስተው ነበር።

ውሻዎ ግን ወጣት ነው፣ ሽንቱም ይዞት ነበር መሰለኝ። እኛ በሦስተኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል ካለው መታጠፊያ ሳንደርስ የውጭው በር ሲዘጋ ሰማን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ፣ የየፎቁ ዓይን በማያይበት ቦታ፣ ከታች ያለው ብርሃን ደበዘዘ። የላያችን ተርገበገበና ጠፋ። አያቴ በዚያው ቆሙ።

«እንውረድ እንጂ እምዬ» አልኳቸው።

«ወዴት? ወደ ታችም ዓይን፣ ወደ ላይም ዓይን።»

«እኔ ልቅደም፣ ለእኔ ይብራ።»

«ለእኔ ብለሽ ካበራሽው የእኔው ነው። ዝም ብለሽ ቁሚ።»

እኔም ቆምኩ። ወይዘሮ ያፊት፣ እንደዚያ ቆመው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። አያቴ አንድ እጃቸው የብረቱን መደገፊያ ይዟል፣ ሌላው እጄን ይዟል። እንዲቀመጡ ብለምናቸውም፣ ጎንበስ ስል ያየኛል ብለው እምቢ አሉ። አንድ ነገር እንዳያያቸው ፈርተው ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሰዎች በዚያ ሰዓት ሁሉ ተኝተው ነበር መሰለኝ፣ የሚያልፍ ጠፋ። የተመሰገነው ዲመርዎም በዚያ ሁሉ ጊዜ ደረጃው ላይ ማንም የለም ብሎ አመነ።

በመጨረሻ አቶ አሎን ተመለሱ። ሁሉም ቦታ ቦግ አለ። ውሻው የአያቴን ነጠላ አሸተተ፤ እሳቸውም ደነገጡ።

«ሳብታ፣ አሁንም እዚህ ነሽ? ተንቀሳቀሺ እንጂ! ዝም ብሎ ይበራል እኮ፣ ምንም አልተጫንሽም!» አሏቸው በዕብራይስጥ፤ ሳብታ አያት ማለት ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ከልባቸው ነው ያሉት።

«ምን ይላል?» አሉ አያቴ።

«ምንም አልተጫንሽም ይላል።»

«እግሬስ የማን ነው በይው።»

ይህን ልተረጉምላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ቶዳ ራባ፣ ሻባት ሻሎም»፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ መልካም ሰንበት፣ ነው። እሳቸውም «ሻባት ሻሎም ማሚ»፣ የኔ ቆንጆ እንደማለት፣ ብለውኝ ወጡ፤ እኛም ብርሃናቸው ሳያልፍብን ከኋላቸው ወደ ቤታችን ወጣን እንጂ አልወረድንም፤ ጸሎቱ ተፈጽሞ ነበርና። አያቴ ነጠላቸውን አጥፈው አስቀመጡ።

አራተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ድምፅ አሰጣጥ፣ ይህም ልዩ ምስጋና ይገባዋል። ዲመሩን የተከለው ሰው እሑድ ዕለት ሌላ ነገር ሊያስተካክል መጥቶ ደረጃው ላይ አገኘሁትና፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ ጠየቅሁት። እርስዎ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልክዎ ላይ «ቋሚ ብርሃን» የሚለውን አንዴ ቢነኩ ዲመሩ እስከ ቅዳሜ ማታ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰው ቢሄድም ባይሄድም በአንድ መጠን እንደሚበራ ነገረኝ። ያን ቀን ማታ ለእርስዎ ጻፍኩ። ደርዘን ጊዜ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት። እርስዎም «ማሚ፣ እንዴት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለሁሉም አቀርበዋለሁ» አሉኝና ደስ ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ለሁሉም አቀረቡት። «ሰንበትን ሙሉ መብራት እንዲቃጠልና ሁላችንም እንድንከፍል ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነበር ጥያቄው። እኔ በእናቴ ስልክ «አዎ» አልኩ። ምድር ቤት ያሉት እትዬ ማንተገብሽም «አዎ» አሉ፤ በስህተት አስቀድመው «አይ» ነክተው ነበር፣ አስተካከሉ። ሌላው ሁሉ «አይ» አለ፤ አንዱም «ታዲያ ብልህ የገዛነው ለምንድን ነው?» ብሎ ጻፈና ብዙ ልብ ተላከለት። እርስዎም «ቤሰደር፣ እሺ፣ ተወሰነ፣ ያላ፣ በሉ እንግዲህ፣ መልካም ሳምንት» ብለው ዘጉት። ጥያቄው ውስጥ አያቴ አልነበሩም። ሲበራ የሚከፈለው ነበር፣ ሳይበራ ሲቀር የሚቀረው ሰው አልነበረም። ግን ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ስለተደረገ የምከስሰው ሰው አጥቻለሁ፤ ለዚህም ጥንቃቄዎ ያለኝን አድናቆት መግለጽ ይቸግረኛል።

ከአያቴ ጋርም ተከራክሬያለሁ። ሌሎች ሰዎች በእንቅስቃሴ በሚበራ መብራት ሥር ይሄዳሉ፣ ሐሳባቸው መሄድ እንጂ ማብራት አይደለም፣ አልኳቸው። «እነሱ ለራሳቸው ያውቃሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሰንበት አልማርም» አሉኝ። ስለዚህ እርስዎን ማሳመን አልቻልኩም፣ እሳቸውን ማሳመን አልቻልኩም፣ ዲመሩንም ማናገር አልቻልኩም። በሦስታችሁ መካከል ቆሜ የምችለው መጻፍ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም እርስዎ በማያነቡት ቋንቋ።

በቀረው ግን ደረጃችን በስልክዎ ሥር በሰላም እንዲተዳደር፣ ዘመንዎ እንደ አራተኛ ፎቅ አምፖሎች ሳይርገበገብ እንዲረዝም፣ የሚያስተዳድሩት ሕንጻም ከዚህ የበለጠ ብልህ እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ ለቤተሰብዎ ሁሉ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ታዛዥዎ፣ ድምፁ በማይሰማው በሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣
ኖያ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ጊዜ ድምፅ ሲቆጥሩ አንድ እርማት ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ከነገ ጀምሮ አያቴ በሰንበት የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ አይደሉም። የእትዬ ማንተገብሽ ወጥ ቤት ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለው፤ ከጓሮው ወደ መንገድ፣ ከመንገዱ ወደ ቤት ክኔሴት ደረጃም ዲመርም የለም። ስለዚህ ነገ ሻማ ከመለኮሱ በፊት ፍራሻቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውንና የእህታቸውን ፎቶ ይዘን እንወርዳለን፤ አያቴም በሚኖሩበት ሕንጻ ውስጥ እንግዳ ሆነው ያድራሉ፤ ሰንበት ሲወጣም እመልሳቸዋለሁ። ይህን ለአያቴ ነግሬያቸው እሺ ብለዋል። ለእትዬ ማንተገብሽ ግን ገና አልነገርኩም። ሰው ቤት ሄጄ ምንም ለምኜ አላውቅም፤ ምን ብዬ እንደምጀምርም አላውቅም። ነገ ጠዋት፣ እናቴ ከሥራ ሳትመለስ፣ ወርጄ በራቸውን አንኳኳለሁ።