ቁጥሩ ከብረቱ ጋር አይጨፈለቅም

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ሴንቲኒያ፤ ፐርዝ፣ አውስትራሊያ

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ኬዚያ ናት፣ የልጄ የጎልያድ ሚስት። ቃሉ ግን የእኔ የወንድምሽ የኤሳው ነው፤ ከራሷ አንዲት ቃል እንዳትጨምር አስጠንቅቄያታለሁ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀት እንቅልፍ ይሰጥሻል? ባለቤትሽን ያ ሳል ተወው? እኔ ደህና ነኝ። ጥርስ የለኝም እንጂ ድምፅ አለኝ፤ እሱንም አሁን ትሰሚዋለሽ።

ጎልያድ ደውሎ እንደከሰሰኝ አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ የሞተ ሰው ነገር ይዞ አይኖርም፣ ተወው» ብለሽ የላክሽውም ደርሶኛል። ልጄ ያልነገረሽ ነገር ስላለ ከእኔ ስሚ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ስሟን በአፌ አልጠራሁም። የእኛን የሮማኒዎችን ወግ እኔን የሚያስተምረኝ የለም፤ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም፣ ዕቃውም አይቀመጥም። በቀብሯ ማግስት የኖርንበትን ተጎታች ቤት፣ ካራቫናችንን፣ በገዛ እጄ ክብሪት ጭሬ አቃጠልኩ። እነዚያን ወርቅ ቅብ ሳህኖቿን አንድ በአንድ ሰባበርኩ። አንዲት መሀረብ እንኳ ለራሴ አላስቀረሁም። የቀረው እሷ ትነዳው የነበረው ፒክአፕ ነው። ጎልያድ ታርጋዎቹን ፈታና እሳቱ ውስጥ ጣላቸው፤ ፒክአፑንም ወደ ዴሪክ የቁራሊዮ ግቢ አስጎተተው። እዚያ መኪና የሚጨፈልቅ ማሽን አለ። እኔም አልከለከልኩትም። ታርጋው ከተቃጠለ ቁጥሩም አብሮ አመድ ሆነ ብዬ ነዋ!

ያን ቁጥር ታውቂዋለሽ። ግራጫውን ፈረሴን ሸጬ ከመንግሥት የገዛሁላት የታርጋ ቁጥር ነው፤ የቁልምጫ ስሟ በሦስት ፊደል፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ ቁጥር። መኪና በለወጥን ጊዜ ሁሉ እሱን ወደ አዲሱ እያዛወርን ነው ያረጀነው፤ የወረቀቱን ጉዳይ የምትጨርሰው እሷ ነበረች፣ የእኔ ሥራ ታርጋ መፍታትና ማሰር ብቻ ነበር። ዘመድ ከሩቅ አይቶ «መጣች!» ይል ነበር።

ያነቃችኝ ኬዚያ ናት። በማግስቱ ድንች እየላጠች፣ «አባባ፣ ቁጥሩ እኮ ታርጋው ላይ አይደለም ያለው፤ መንግሥት ዘንድ ነው የተመዘገበው። ሊብሬው በእርስዎ ስም ነው። ፒክአፑ ሳይጨፈለቅ ከጠየቅን ወደ አዲሱ ቫንዎ ይዛወራል፤ ከተጨፈለቀ ግን አለቀ፣ ማንም አይመልሰውም» አለችኝ። ቢላዋውን አስጥዬ አስነሳኋት።

ስንደርስ ፒክአፑ ማሽኑ ሥር ቆሟል። በሩን ከፈትኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። ዴሪክ እየሮጠ መጥቶ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ውረድ! ልትሞት ነው እንዴ?» አለኝ። «ጨፍልቀኝ፤ ጫማዬ ግን አዲስ ነው፣ እሱን አስቀድመህ አውልቅልኝ» አልኩት። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ «እናንተ ሰዎች ደግሞ ጣጣችሁ አያልቅም!» አለ። «ጣጣውን መች አየኸውና» አልኩት። ኬዚያ ውጭ ቆማ ሊብሬውን እያየች ስልኳን ትነካካለች። ዝናቡ በተሰበረው መስኮት ገብቶ አንገቴ ላይ ይወርዳል። በመጨረሻ፣ «ተፈቀደ፣ አባባ! ቁጥሩ ተነሥቶ በስምዎ ተቀምጧል» ስትለኝ ወረድኩ። ዴሪክ የፒክአፑ አዲስ ሊብሬ እስኪመጣ ጥግ ላይ አቆመው። የመጣ ዕለት ራሴ ሄጄ «በል አሁን ጨፍልቀው» አልኩት። ብረቱ ሲጮህ ፊቴን አላዞርኩም።

አሁን ቁጥሩ ቫኔ ላይ ነው። ጎልያድ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። «አባዬ፣ እየጠራሃት እኮ ነው! ተከትላን ትመጣለች» አለኝ። «ትምጣ! ዕድሜ ልኬን አብሬያት ተኝቼ ዛሬ ልፈራት ነው? አንተስ ስምህ ጎልያድ ሆኖ ከአንድ ታርጋ ትሸሻለህ?» አልኩት። ካራቫኑን አስጎትቶ የሜዳው ዳር ሄዶ ሰፈረ። ወንድሞቹም ቫኔ ሲያልፍ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። ያዙሩ! አንገቱ የራሳቸው ነው። ኬዚያ ግን ባሏን አብልታ ለእኔም ራት ይዛልኝ ትመጣለች፤ ምን እንደሚላት አልጠይቃትም።

እትዬ፣ እጇ የነካውን ሁሉ ለእሳት ሰጥቻለሁ። ቁጥር አይለበስ፣ አይበላበት፣ ምኑን ላቃጥል? ሐሙስ ወደ ስቶው የፈረስ ገበያ እሄዳለሁ። ዘመድ ሁሉ እዚያ ነው። ቫኔን ሁሉም የሚያልፍበት በር ላይ አቆማታለሁ። ቅር ያለው በሌላ በር ይግባ። አንቺም አንድ ቀን ስትመጪ የምቀበልሽ በእሷው ነው። አልሳፈርም ካልሽ በእግርሽ ነይ፤ ሻንጣሽን ግን አደርስልሻለሁ።

ለባለቤትሽ ለሩበን፣ ያን ሳሉን እንዲታከም ንገሪውና ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ዲሊያን ግንባሯን ሳሚልኝ። አንገተ ረጅሙን ውሻሽንም አልረሳሁትም።

ኢቭሻም፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2019

በይ ኬዚያ፣ እስከዚህ ያለውን አንብቢልኝ። ስለ ባልሽ ያልኩትን አለዝበሽው ከሆነ እንደነበረ መልሺው። ከዚያ ብዕሩን ስጪኝ። ከታች እኔው በእጄ ሦስቱን ፊደልና ቁጥሩን እስላቸዋለሁ፤ ከፊደል ሁሉ የማውቀው እነሱን ብቻ ነው። እነሱን ጮክ ብለሽ እንዳታነቢያቸው።