በኪሎ አይሸጥም

ጥቅምት 4
ልብስ አጠብኩ። ፀሐይ ስለነበር ቶሎ ደረቀ። ከዚያ የጀርባውን ክፍል ከፍቼ ቆምኩ... የባሌ ዕቃ ከወለል እስከ መስኮት። ቁም ሳጥን የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች፣ አምፕሊፋየር፣ ያ ክሩ በሁለት ሰፋፊ መንኮራኩር የሚዞር ቴፕ። ሠላሳ ዓመት በየሠርጉ፣ በየስብሰባው የሠራበት። ግራ ጆሮው ከደከመ ወዲህ አንዱንም አልነካም። ልጃችን በወሩ መጨረሻ ሕፃኗን ይዛ ትመጣለች። የት ልትተኛ ነው?

ጥቅምት 7
የብረታ ብረት ገዢ መጣ። አማቻችን ነው የጠራው፣ ዕቃውን ለመሸጥ ኢንተርኔት ላይ ያወጣው ማስታወቂያ ሰው አላመጣ ሲለው። ሰውዬው ስፒከሩን ዘንበል ቀና አድርጎ "እናት፣ እኛ የምንገዛው በኪሎ ነው" አለኝ። በኪሎ! ባሌ ጫማውን አድርጎ ወጣ። አንጀቴን በላው። "አይሸጥም፣ ደህና ዋል" ብዬ ሰውዬውን ሸኘሁት። አሁን ምን ላደርግ ነው?

ጥቅምት 8
የአማቻችንን ማስታወቂያ አነበብኩት። "አስቸኳይ!!! ምርጥ ኦሪጅናል የድምፅ ዕቃ፣ እንደ አዲስ፣ ዋጋ በድርድር።" እኔ ብሆን እደውል ነበር? ለምኑ? ስም የለው፣ ዕድሜ የለው። ፎቶው ጨለማ። የደወለው አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም "የሚሸጥ ሞባይል የላችሁም?" ለማለት።

ባሌን ከቁርስ በኋላ ያዝኩት።
"ይሄ ቴፕ መቼ ተገዛ?"
"ምን ሊሠራልሽ?"
"መልስልኝ ብቻ።"
መለሰ። ቆይቶ ሳልጠይቀውም መለሰ... መንኮራኩሩን የሚያዞረውን ቺንጋ መቼ እንደቀየረ፣ ከሱ ሌላ እጅ እንዳልነካው፣ የስፒከሩ ጥግ በየትኛው አዳራሽ ደረጃ ላይ እንደተላጠ፣ ክሩን ወደኋላ ሲጠቀልል እንደሚጮኽ። ሁሉንም ጻፍኩ። ሞዴሉንም ከጀርባው ቁጥር በቁጥር ገለበጥኩ።

አማቻችን ሲያነበው ደነገጠ። "እማዬ፣ ጉድለት በማስታወቂያ ይጻፋል እንዴ?"
"ገዢው ቤቱ ወስዶ ከሚያገኘው እዚህ ቢያገኘው አይሻልም?"
አሮጌውን ማስታወቂያ አጠፋ።

ጥቅምት 9
አቧራውን ጠረግን። ፎቶ በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ ሥር። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የተላጠውንም ጥግ። ዋጋውን ቁርጥ አድርጌ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይስ? አሰብኩ አሰብኩና... "መጥተው ሳይሰሙ አይግዙ። ጠዋት ጠዋት ቤት ነን።"
ባሌ ሁለቴ አነበበው። "ዕቃውን ነው ወይስ እኔን ነው የጻፍሽው?" አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

ጥቅምት 10
አንድም ሰው አልደወለም። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ሦስቴ አየሁት። አልተበላሸም።

ጥቅምት 11
አምስት ሰው ደወለ! አምስተኛዋ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። "ሲጠቀልል ይጮኻል ያሉት እውነት ነው?" አለችኝ። አለቀልን አልኩ በሆዴ።
"እውነት ነው።"
"እንግዲያው ሌላውም እውነት ነው። ነገ ብንመጣስ?"

ጥቅምት 12
መጡ። እሷና አንድ ዓይነ ስውር መምህር። የድሮ መምህራን መጽሐፍ እያነበቡ የቀረጿቸው ቁም ሳጥን ሙሉ ክሮች አሏቸው። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። አንዱን ክር ይዘው ነው የመጡት። ባሌ አጎንብሶ አጠመደው... የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ወጣ። መምህሩ ስፒከሩን በሁለት እጁ ያዘ።
"መምህሬ ናቸው። ካረፉ ቆዩ።"
ባሌ ቀኝ ጆሮውን አዘንብሎ "ፈጠነ። የሽማግሌ ድምፅ እንዲህ አይቀጥንም" አለ። ጠመንጃ መፍቻውን አነሣ። የፍጥነቱን ብሎን ሩብ ዙር አዞረ። ድምፁ ወፈረ። መምህሩ ዕንባው እየወረደ ሳቀ።
"አሁን ራሳቸው ናቸው! እንዴት ለዩት?"
"በአንድ ጆሮ። ሌላው ጡረታ ወጥቷል።"
"እኛስ ያለ ዓይን እናነብ የለ?"

ሁሉንም ወሰዱ። በጻፍኩት ዋጋ፣ ሳይከራከሩ! ሊወጡ ሲሉ ኃላፊዋ "ክሮቹን የሚያጫውትልን ሰውስ ይገኛል?" አለች። ባሌ "በነጻ እመጣ..." ሲል አቋረጥኩት። "በደመወዝ ይመጣል!"
ልበ ሙሉ ሴት ነኝ ለካ።

ጥቅምት 30
ልጃችን ገባች። ክፍሉ ሕፃን ሕፃን ይሸታል።

ኅዳር 19
ባሌ በሳምንት አራት ቀን ሥራ ይሄዳል። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ እያፏጨ። ዛሬ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ኃላፊዋ "አጻጻፍዎን አይተናል፣ እስቲ ንባብዎን" ብላ አዲስ መጽሐፍ እንድቀርጽ ለምናኝ ነው። እኔ? ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩት?

ማይኩ ፊት ተቀመጥኩ። ባሌ ከመሣሪያው ኋላ ሆኖ ጣቱን አነሣ... ጀመርኩ። አንድ ምዕራፍ ሙሉ! በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራችን ሳያቋርጠኝ የሰማኝ ዛሬ ነው።

ስጨርስ ቀና ብል በሩ ላይ ተማሪዎች ተደርድረዋል። መቼ መጡ? አንዲት ልጅ ግድግዳውን እየዳሰሰች ጠጋ አለችና "ቀጥሎ ምን ሆነ? ዛሬ አያነቡልንም?" አለችኝ።
ድካሜን ሊያይልኝ ነው ብዬ ወደ ባሌ ዞርኩ። እሱ እቴ... አዲስ ክር እየገጠመ ነበር።