ስለ አሮጊቷ ቀኖናና ስለ አውራ ጣቴ

ለክቡር የ«ፋኖስ ወንዝ» ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር፣ አባላቱ «ካፒቴን» ለሚሉዎት፣ በእናትዎ በኩል ደግሞ የእህቴ ልጅ ለሆኑት፤

የልጅ ልጄ ከማኅበሩ ለመባረሯ ተጠያቂው እርስዎ፣ እርስዎም ብቻ መሆንዎን ከወዲሁ ገልጬ ሰላምታዬን አስከትላለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? ፍርድ ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ወገብ እንደሚጎዳ በስፌት መኪና ላይ ያረጀሁት እኔ አውቃለሁና፣ ትራስ ካስፈለገዎት በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሞላ አንድ አለኝ፤ ልላክልዎ።

ይህን ደብዳቤ በስፌት ቤቴ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ፎቶውም በጎረቤቴ በጫማ ሻጩ ቸርነት በማኅበሩ ግሩፕ ላይ ይወጣል። ለእርስዎ ብቻ በስልክ ልኬው ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ቀድሞው ጽሑፌ በአንድ ጣት ተጭነው ያጠፉት ነበር፤ ከመስታወት ላይ ለመፋቅ ግን ቢያንስ እስከ በሬ ድረስ መምጣት ያስፈልግዎታል። ሲመጡ እግርዎን ይጥረጉ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ስል፣ እርስዎ በቃልዎ የያዙትን ነገር ልድገመውና ይታገሡኝ። «የፋኖስ ወንዝ» በሥዕል የተሠራ ተከታታይ ፊልም ነው፤ ልጆቹ አኒሜ ይሉታል። ንግግሩ በባዕድ ቋንቋ፣ ጽሑፉ ከሥር በእኛው ነው። አንዲት አሮጊት ጀልባ ቀዛፊ ፋኖሷን አንጠልጥላ ሰው ስታሻግር ትኖራለች። በመጨረሻው ክፍል ጎርፍ ጀልባዋን ይገለብጠዋል፤ ፋኖሱ ብቻውን ውሃው ላይ እየበራ ይሄዳል፤ ያበቃል። ከዓመታት በኋላ «ማዶ» የሚባል ተከታይ ወጣ። በዚህኛው አሮጊቷ አልሞተችም፤ ከወንዙ ማዶ ቁጭ ብላ የዓሣ መረብ ትጠግናለች። ነገሩ ይኸው ነው። እንግዲህ ማኅበሩ ቅዳሜ ከሰዓት በሚሰበሰብባት፣ ከስፌት ቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ለእውነተኛ ሟች ያልተደረገ ጩኸት የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ጫማ ሻጩ «ዋና ትችላለች፤ ተርፋለች» ይላል። ከአባላቱ አንዱ የሆነው መምህር «ስትዋኝ መቼ አየሃት?» ይለዋል። ጫማ ሻጩም «ስትተኛም አላየኋት፤ ታዲያ እንቅልፍ የላትም ልትለኝ ነው?» ይላል። እኔም ከመኪናዬ ላይ ሆኜ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወንዝ ላይ የኖረች ሴት ዋና አትችልም ብሎ የሚከራከር ሰው ልጆቻችንን እያስተማረ መሆኑን እያሰብኩ ክሬን አጠነጥናለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ። ክቡርነትዎ ሥርዓት ስለሚወዱ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ክርክሩን ለመቁረጥ በግሩፑ ላይ «ተከታዩ ክፍል ተቀባይነት የለውም፤ አሮጊቷ ከቀኖና ወጥታለች» ብለው ጻፉ። እኔ በዕድሜዬ የማውቀው ቀኖና አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሲበድል ንስሐ አባቱ የሚሰጠው ቅጣት። ሲፈጽመው ከቀኖናው ይወጣና ቀና ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ውሳኔዎን ሳነብ ልቤ በደስታ ተሞላ። ያቺ ምስኪን ምን በድላ እንደነበር ባላውቅም፣ ያን ሁሉ ዘመን በጭጋግና በጎርፍ ስትቀዝፍ ኖራ በመጨረሻ ተፈታች ብዬ፣ መነጽሬን አጥልቄ፣ ፊደሉን በአንድ ጣቴ አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ከውሳኔዎ ሥር እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «እንኳን ቀኖናዋን ጨርሳ ወጣች። ብዙ ተሠቃይታለች። ለፈቱልን ሰው እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ጫማ ሻጩ እንባው እስኪፈስ ስቋል አሉ። ስቆ የማያውቀው መምህር እንኳ ፈገግ ማለቱን ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን ሹፈት መሰለዎት። በእናንተ ዘንድ ቀኖና ማለት «የታሪኩ እውነተኛ ክፍል» ማለት መሆኑን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቃሉ ከንስሐ አባቴ እጅ ወጥቶ ወደ እርስዎ መዛወሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም እንጂ፣ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ኃጢአቴንም ለእርስዎ እነግር ነበር።

ሁለተኛ፦ ዋናው ይህ ነውና መነጽርዎን ያድርጉ። ያ ጽሑፍ ከእኔ ስልክ፣ በእኔ ጣት የወጣ ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ የጻፈችው የልጅ ልጄ ናት ብለው ፈረዱ። እሷም በትሕትና «ጋሼ፣ እማማ ናት የጻፈችው» ብትልዎ፣ «ድመቷም ጻፈች በይኛ» ብለው መለሱላት። አክለውም «ጽሑፉ አንድ ስህተት የለበትም፤ አክስቴ ደግሞ ከስፌት በቀር ቀጥ ያለ መስመር አታውቅም» አሉ። ከዚያም በሐሰተኛ ስም በማኅበሩ ላይ አፊዛለች ተብላ ተባረረች።

«ስህተት የለበትም» ያሉኝን እንደ ምስጋና ተቀብያለሁ። ከትምህርት ቤት ውጭ እንዲህ ያለ ውጤት የሰጠኝ ሰው የለምና ልቤ ተነክቷል። የቀረውን ግን ላርመው። አባታችን ሴት ልጆቹን ሲያከፋፍል አንዷን ለትምህርት ቤት፣ አንዷን ለስፌት መኪና መደባት። እናትዎ ፊደል ስትቆጥር እኔ የደንብ ልብሷን ቁልፍ እተክል ነበር። ሥራዬ ጥሩ ስለነበረ ቁልፉ አልተበጠሰም፤ ስላልተበጠሰም ያስታወሰኝ የለም። ስልሳን ካለፍኩ በኋላ ግን ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰው ከወጡበት ክፍል ገብቼ፣ ጉልበቴን በማያስገባ ዴስክ ላይ በጎን ተቀምጬ፣ ፊደል ቆጥሬአለሁ። ሦስት ዓይነት «ሀ» ምን እንደሚሠራልን እስካሁን ያስረዳኝ ባይገኝም ሦስቱንም እጽፋለሁ። ለምን አልነገርሽንም ይሉኝ ይሆናል። ማን ጠየቀኝ? እርስዎ ከእኔ ጠይቀውኝ የሚያውቁት ነገር ቢኖር «ሱሪዬ ደረሰ ወይ?» የሚለውን ነው።

ሦስተኛ፦ ተከታዩን ክፍል የጣሉበት ምክንያት የጻፈው ሌላ እጅ ስለሆነ ነው ተብያለሁ። የመጀመሪያው ደራሲ ትቶት፣ ረዳቱ የነበረች ሴት ጨርሳዋለችና ታሪኩም ሌላ ሆኗል አሉ። የእኔንም ጽሑፍ የጣሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሌላ እጅ ጻፈው ብለው። እጅ በመለየት ረገድ ያለዎትን ችሎታ አይቼ ተገርሜአለሁ። በእኔ ጽሑፍ ላይ የሌለውን የልጅቷን እጅ አገኙ፤ ያለውን የእኔን እጅ ግን አጡ።

ስለ ሌላ እጅ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ላጫውትዎ። የመጀመሪያውን ፊልም ስናይ እኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ የልጅ ልጄ፣ ያኔ ገና ተማሪ፣ ከሥር የሚያልፈውን እያነበበች ትነግረኝ ነበር። ጀልባዋ የተገለበጠች ዕለት፣ ፋኖሱ ብቻውን ሲሄድ፣ አሮጊቷ ምን አለች ብዬ ጠየቅኋት። «ማዶ ደርሻለሁ፤ እናንተ ቀስ ብላችሁ ኑ፤ ትላለች» አለችኝ። እኔም ዓይኔን ጠርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ስለዚህ እናንተ ሟች ናት እያላችሁ ጥቁር ካናቴራ ስታሰፉ፣ እኔ ሰፍቼ ሰጠኋችሁ እንጂ አላዘንኩም። መድረሷን አውቅ ነበርና።

ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ያንኑ ክፍል ብቻዬን ከፍቼ አየሁት። ከሥሩ የተጻፈው «ወንዝ የወሰደውን አይመልስም» የሚል ነበር። ሌላ ምንም የለውም። ልጅቷን ጠርቼ «አንቺ፣ ይህ የት አለ?» ብዬ በጣቴ ሳሳያት አላፈረችም። «እማማ፣ ያን ቀን ጭንሽ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ነበረ፤ እንባሽ ነጩ ላይ ሊንጠባጠብ ነው። ሙሽሪት ደግሞ በር ላይ ቆማለች። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ክር በመርፌ እስካስገባ ድረስ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ሳቅኩ። ይኸውልዎ፣ «ማዶ» ሲወጣ አሮጊቷ በእርግጥም ማዶ ደርሳ ተገኘች። ያን ቀን ነጭ ቀሚስ ለማዳን የተባለውን ነገር፣ ያቺ ረዳት በሩቅ አገር ሆና በሥዕል ሠርታ አመጣችው። እርስዎ ይህን ሐሰት ሊሉት ይችላሉ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ፊልም በጆሮዬ፣ ሁለተኛውን በዓይኔ ያነበብኩ ሴት ነኝና፣ ሁለቱ እንደሚገጥሙ እመሰክራለሁ። የአንዱ ጨርቅ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ገጥሟል፤ ስፌቱም አይታይም።

አራተኛ፦ አራተኛ ቅሬታ አልነበረኝም። ነገር ግን ለሊቀመንበር የሚጻፍ ደብዳቤ ሦስት ላይ ሲቆም ድሃ ይመስላልና ቦታውን ለካባዎ ሰጥቼዋለሁ። በውሳኔዎ ላይ፣ ስሙንና ልብሱን የወረሱት የፊልሙ ካፒቴን በተከታዩ ክፍል ካባው ስድስት ቁልፍ እንዳለው፣ እውነተኛው ግን አምስት መሆኑን እንደ ማስረጃ ጠቅሰዋል። ትክክል ነው። እርስዎ በየስብሰባው የሚለብሱት ካባ ግን አራት አለው። አምስተኛውን እምብርትዎ ላይ ስተክለው «አክስቴ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» ስላሉኝ ፈትቼዋለሁ፤ በመሳቢያዬ ተቀምጧል። አንድ ሰው በቁልፍ ብዛት ከቀኖና የሚወጣ ከሆነ የሚቀጥለው ማን እንደሆነ ለመምህሩ አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ።

ከቅሬታ ወደ ምስጋና ልለፍ፤ ወቀሳ ብቻ ሆድ ይነፋል። የልጅ ልጄን ካባረሩ ወዲህ ቅዳሜ ለእኔ ፀጥ ያለ ቀን ሆኖልኛልና አመሰግናለሁ። ቀድሞ ከመድኃኒት ቅመማ ትምህርቷ ቀጥታ ወደዚህ ትመጣ ነበር። ጫማዋን ከበሩ ሥር ጥላ፣ የወደቀውን መርፌ በማግኔት ለቅማ፣ እግሯን ወንበሬ ላይ ሰቅላ፣ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ አንብቢልኝ» ትለኝ ነበር። እኔ ፊደል ስለቅም ጽሑፉ እያመለጠኝ፣ እሷ እያቆመችልኝ፣ አንዱን ክፍል በሁለት ክፍል ጊዜ እንጨርሰው ነበር። አሁን የተባረረችበት ማኅበር በዚሁ ጣሪያ ሥር እያለ እንዴት ልምጣ ብላ ቀርታለች። «ማዶ» ሊያልቅ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ቀርተውናል። ብቻዬን ማንበብ አያቅተኝም። ግን አልከፈትኳቸውም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ለማኅበሩ አሮጊቷ ሞታለች በሉ፤ ኖራለች በሉ፤ እኔ በእሷ ነገር አላስታርቃችሁም። የልጅ ልጄ ግን ያልጻፈችውን ጻፈች ተብላለችና ፍርዱ ይሻር። ይሻርም ሲባል በሹክሹክታ አይደለም፤ ባባረሯት ግሩፕ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «የጻፈችው አክስቴ ናት» ተብሎ ይጻፍ። ሦስቱ «ሀ» ካስቸገሩዎ እኔ አለሁልዎ።

ክቡርነትዎን ጤና፣ ወገብዎን ብርታት፣ ካባዎን አምስተኛ ቁልፍ እየተመኘሁ፣ የፍርድ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ በአራቱም እግሩ ሥር ጨርቅ ላደርግለት ዝግጁ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

የእናትዎ ታላቅ እህት፣
የጀርባው ክፍል ባለቤት፣
ከቀኖናዋ ገና ያልወጣች

ማስታወሻ፦ ይህ ለሊቀመንበሩ አይደለም፤ ለእህቴ ልጅ ነው። ስማ አንተ። በየዓመቱ ማኅበሩ እዚህ እንዲሰበሰብ ፈቃዴን በወረቀት ስትፈልግ፣ አውራ ጣቴን እንደ ሕፃን ጣት ይዘህ ቀለም ውስጥ ነክረህ፣ «ጠበቅ አድርጊ አክስቴ» እያልክ ታስረግጠኛለህ። እኔም ቀለሙን ከጥፍሬ ለማስለቀቅ ስፍቅ እውላለሁ። የዘንድሮውን ወረቀት ከነቀለም ሣጥኑ በጫማ ሻጩ እጅ ልከህልኛል፤ ደርሶኛል። ወረቀቱ ከመኪናዬ ሥር ተቀምጦ ልጅቷ በበሬ እስክትገባ ይጠብቃል፤ የገባች ዕለት ስሜን በሙሉ፣ ከነአባቴ፣ በእጄ እጽፍበታለሁ። የቀለም ሣጥኑን ግን መልሼልሃለሁ፤ ከእንግዲህ በጣቴ አልፈርምም።