ስንቅ ሲመለስ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጭጋግ ነበር፤ አውሮፕላን አልተነሣም። ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ኦፕፊኮን ያለው የምሠራበት ሆቴል ጢም ብሎ ሞላ። እንግዳው ሲበዛ አንሶላው እኛ ጋ ነው የሚወርደው፣ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው። ወገቤን! ዜባህ ሰፈር ቤቴ ስገባ ሕብስት ድንች ቀቅላ ጠበቀችኝ። ልጄ ዐሥራ አራት ሞላት፤ ምግብ ስትሠራ ከጨው በቀር ሁሉን ታስታውሳለች።

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልክ። ምንትዋብ ናት፣ ከጄኔቭ።

«ብዙዬ፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ፤ ምነው?»

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። የወንድሟን ገዳይ አገኙት አለች። እዚያው ጄኔቭ ታስሯል። ዐሥራ አንድ ወሩ! «ከሰፈሬ ከ‹ለ ሊኞን› በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም እኮ! እኔ እዚህ ገበያ ስወጣ ስገባ!» እያለች ታለቅሳለች። ታሳሪው ኃይለመለኮት ይባላል። አገር ቤት ያለው መንግሥት «አሸባሪ ነው፣ አሳልፋችሁ ስጡኝ» ብሎ ጠይቆ፣ የዚህ አገር ሰዎች ደግሞ ወረቀቱን እስኪመረምሩ ቆልፈውበታል።

ወንድሟን ወልደሥላሴን አውቀው ነበር። የቀበሌ ሊቀመንበር ነበረ። በ1970 በገዛ በሩ ላይ በጥይት መቱት። ለሕብስት ክርስትና ድንኳን የተከለልኝ እሱ ነው። እህቱ የልጄ ክርስትና እናት አይደለች?

እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት? እግዜር ያጽናሽ ልበላት?

ስልኩን ዘግቼ ድንቹ ፊት ቁጭ ስል አንድ ነገር ብቻ መጣብኝ… ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ማን ስንቅ አመላለሰለት? ምን አገባኝ! ግን መጣብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ለጭኮ የሚሆን ገብስ ፍለጋ ዋልኩ። በመጨረሻ የፈረስ መኖ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ አገኘሁ። «ስንት ፈረስ አለዎት?» አለኝ። አንድ፣ የታሰረ… አልኩ በልቤ። ቆላሁት፣ በቡና መፍጫ ፈጨሁት። መፍጫው ተቃጠለ። ጭኮው ግን አማረ፤ የዚህ አገር ቅቤ ሲነጠር እንዲህ ነው ለካ።

ሕብስት «ለማን ነው?» አለች። «ለሰው» አልኳት።

ለምንትዋብ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ጽሕፈቴ አያምርም።

የዕረፍት ቀኔ ነው። በጠዋቱ ባቡር ጄኔቭ ሄድኩ። ጭኮውን በአስፋው ምሳ ዕቃ አድርጌ፣ በጨርቅ ቋጥሬ። ባሌ አስፋው ከሞተ ወዲህ ምሳ ዕቃውን ሰው አልበላበትም። ከአዲስ አበባ ስወጣ ይዤ የወጣሁት እሱንና ልጄን ነው።

እስር ቤቱ በር ላይ ሰልፍ የለም። ቀድሜ የመጣሁ መሰለኝ! ደወልኩ። ወጣት ዘበኛ በመስኮት ብቅ አለ። የኃይለመለኮትን ስም በወረቀት ጽፌ ነበር፣ ሰጠሁት፤ ምሳ ዕቃውንም አቀበልኩት። ይዞ ገባ። ቆየ። ተመለሰና ምሳ ዕቃውን በዚያው መስኮት መለሰልኝ። ራሱን ነቀነቀ። «ኖን፣ ማዳም።»

ቋጠሮው አልተነካም። የራሴ ቋጠሮ፣ እንደነበረ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አላውቅም። መጮሄን ጉሮሮዬ ይነግረኛል። ዐይኔን ስገልጥ መሬት ላይ ነኝ፤ ያ ዘበኛ ወጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ውሃ ያጠጣኛል። በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ይደጋግምልኛል… መች ገባኝ። ደውለው የልጁን ጠበቃ ጠሩ። ማዳም ሮሻ ትባላለች። ጀርመንኛ ትችላለች፤ እኔም ለአንሶላ የሚበቃ ያህል እችላለሁ።

«በሕይወት አለ» አለችኝ። «ደህና ነው። እዚህ ከውጭ የሚመጣ ምግብ አይገባም። ለማንም አይገባም፤ ደንቡ ነው።»

ደንቡ ነው! የማላውቀውን የሰው ልጅ በሐሳቤ ገድዬ አለቀስኩለት።

«ለምን ሞተ ብለው አሰቡ?» አለች።

በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ምኑን ልንገራት… «ስንቅ ከተመለሰ ሰውየው የለም ማለት ነው» አልኳት። ከዚያ አድራሻዬን ጠየቀችኝ።

ምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዤው ተመለስኩ። ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር ክብደቱ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

ማዳም ሮሻ ዜባህ ድረስ መጣች። ልጁ ቢመለስ ምን እንደሚደርስበት ፍርድ ቤቱ ብዙ ወረቀት ቀርቦለታል አለች፤ አገር ቤት እስር ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ግን አልቀረበም። «ቃልዎን ይስጡኝ።» ጀርመንኛዬ አላደርስ ሲለኝ ሕብስት መሃል ገባች።

ነገርኳት። አስፋው የፖስታ ቤት ጸሐፊ እንደነበር። በ1969 ነሐሴ ላይ ከሥራ ቦታው ጠርተው እንደወሰዱት። ክስ የለ፣ ዳኛ የለ፤ «ይጣራል» ብቻ። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ይጣራል! በየቀኑ ስንቅ አደርስለታለሁ። ባዶው ምሳ ዕቃ ሲወጣ ጨርቁን ሁለቴ ቋጥሮ ይልከዋል፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ሌላ ደብዳቤ አልነበረንም። እኔ አንዴ እቋጥራለሁ፣ እሱ ሁለቴ። አንድ ማክሰኞ ምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሰ፣ በእኔ ቋጠሮ። «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» አለኝ ዘበኛው። በቃ። ምን አጠፋ እንዳሉት፣ የት እንደቀበሩት… እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ሕብስት እየተረጎመች ቀጥ አለች። አባትሽ ታሞ ነው የሞተው ነበር ያልኳት።

«ማሚ፣ ቫሩም? ለምን ለእኔ አልተናገርሽም?»

ማዳም ሮሻ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልጄ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «ቀጥዪ» አለችኝ። እስከ መጨረሻው ተረጎመችው፤ አንድም አላስቀረችም። ፈረምኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 3

ጄኔቭ ጸሎት ነበረን። ምንትዋብ ሰምታ ኖሯል። ስንወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ለእሱ መሰከርሽለት?»

«የመሰከርኩት ስለዚያ በር ነው።»

«አንቺ! ወንድሜንስ ማን ፈረደበት? የትኛው ዳኛ ጠየቀው?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ለዚህ ነዋ፣ ምንቴ! አንቺም እኔም ፍርድ አላየንም። ቢልኩትስ ማን ይጠይቀዋል? ገድለውት ዝም ነው። አንቺ ምን ታገኛለሽ?»

«እንቅልፍ» አለችኝ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ሄደች፤ ዞራም አላየችኝ። አንድ አውሮፕላን ላይ ተያይዘን የመጣን ሰዎች…

ባቡር ላይ ሳስበው፣ እውነቷን ቢሆንስ? እኔ አስፋውን የጨረሰውን ሰው ባገኘው ዳኛ ፊት ይቅረብ እላለሁ? ወይስ በጥፍሬ… አላውቅም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽም፤ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ኃይለመለኮትን አየሁት! ፈቃድ አወጡልኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሽበት ጀምሮታል። ከመስታወቱ ወዲያ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«እትዬ፣ ጭኮ ይዘው መጥተው ነበር አሉኝ።»

«አልደረሰህ!»

«ሽታው ደርሶኛል። ዘበኛው ነገረኝ፤ እሱም ደንግጦ ነበር። ‹እናትህ ናቸው?› ሲለኝ አዎ አልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሳቅኩ። ከሳቄ መሃል ዕንባዬ መጣ።

ሰው አልመታኝም አለ። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለ። «ግን ቀኑን የሚነግረኝ የለም። የሚያወጡኝ ነገ ይሁን ከሁለት ዓመት በኋላ… ወደ ውጭ ይሁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ… አውሮፕላን በላዬ ባለፈ ቁጥር ተነሥቼ ጫማዬን አስራለሁ።»

እኔ የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ስለ አንሶላ ነው የማስበው።

ከዚያ ጠየቅኩት። ሳልጠይቅ ልወጣ አልችልም። «ወልደሥላሴን ገድለሃል?»

እጁን እያየ ነው የተናገረው። «የተኮስኩት እኔ አይደለሁም። ጥግ ላይ ቆሜ መንገድ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዳኛ ቢጠይቀኝ እናገራለሁ፤ አልክድም። የሚጠይቀኝ ነው ያጣሁት፣ እትዬ። እዚያ የሚፈልጉኝ ሊጠይቁኝ አይደለም። እዚህም የሚመረምሩት ወረቀቱን ነው።»

ስነሣ «ለእህቱ ይንገሩልኝ» አለ።

ጥሩ ልጅ ነው። ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ይዤ ዙሪክ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ለምንትዋብ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያለውን ሁሉ፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር። ጥግ ላይ መቆሙንም። ሳጥኑ ውስጥ ከከተትኩት በኋላ እጄን አስገብቼ ላወጣው ሞከርኩ… አንዲት አሮጊት በጀርመንኛ ተቆጣችኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

መልስ የለም። ከምንትዋብም፣ ከፍርድ ቤቱም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 28

ገና፤ ዘንድሮ በ28 ዋለ። ምንትዋብ አልደወለችም። እዚህ አገር ከመጣን እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያዋ ነው። ዶሮውን ሕብስት ሠራችው። ጨው ነበረው። ስንበላ «አባቢ ሁለቴ የሚቋጥረው እንዴት ነበር?» አለችኝ። የራስ መሸፈኛዬን አውልቄ አሳየኋት።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

አይሰጡትም! አይሰጡትም! ማዳም ሮሻ ራሷ ደወለች። ፍርድ ቤቱ እምቢ አለ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ይወጣል። ዐሥራ አራት ወር ተኩል! ሕብስት እየዘለለች፣ የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ ጣሪያውን ይደበድባል። ይደብድብ!

ተረጋግቼ ለምንትዋብ ደወልኩ። ከሌላ ሰው ከምትሰማ…

«ሰምቻለሁ» አለች። እሷም አልዘጋች፣ እኔም አልዘጋሁ። ከዚያ «በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

ለምን ፈለገችው? ነገርኳት። ይሁዳ ሆንኩ ይሆን?

ሐሙስ፣ ጥር 24

ትዕዛዝ እንደሌለበት ሰው ፈቃድ ሳልጠይቅ ከሥራ ቀረሁ። ጭኮ ይዤ ሄድኩ፣ በዚያው ምሳ ዕቃ። ምንትዋብ ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ። ሰላምታዬን ተቀበለች፤ ሌላ አላለችም።

ወጣ። በእጁ አንድ ፌስታል ብቻ። ሲያያት አወቃት፣ ወንድሟን ትመስላለች እኮ። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠና ቆመ። አልሸሸም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። «ሲወድቅ ምን አለ?»

እኔ ራቅ አልኩ። የእኔ አይደለም። ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች። አንዴ ግንቡን ያዘች። ልጠጋት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ፍርድ ማለት ይሄ ነበር ለካ፣ ቢያንስ ጅማሬው… በቦታው የነበረ ሰው ቆሞ መናገር፣ ያጣ ሰው ቆሞ መስማት። የአስፋውን ማን ይነግረኝ ይሆን?

ሲጨርሱ ወደኔ መጣች። ዐይኗ አብጧል።

«ይቅር ብዬው እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም።»

«ሰማሁት። በቃ።»

አውቶቡስ እስኪመጣ ሦስታችንም መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ እኔ መሃል። ምሳ ዕቃውን ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ አቆይቶ ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያማ እንደ ሕፃን ልጅ በላው። ምንትዋብ ወደ መንገዱ ነው የምታየው። ድንገት፣

«በደረቁ! ያንቀዋል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! ውሃ እንኳ አልያዝሽም?»

ከቦርሳዋ ጠርሙስ አወጣች። ለእሱ አልሰጠችውም። ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። እኔ አቀበልኩት።

ምሳ ዕቃውን ጠራርጎ በልቶ፣ ጨርቁን አልብሶ፣ በሁለት እጁ መለሰልኝ። አላየሁትም ነበር። ባቡር ውስጥ ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ነው ያየሁት… ሁለቴ ቋጥሮታል። ማዳም ሮሻ ቃሌን አንብባለት ኖሯል።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሕብስት ልታጥበው እጇን ሰደደች።

«ተይው» አልኳት። «ዛሬ እንደተቋጠረ ይቆይ።»