ስለ መንፈሳዊው ማውዝፒስ

ለተከበራችሁ የአምልኮ ኮሚቴ አባላት
ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ
ግንቦት 1998 ዓ.ም.

ጤናችሁ እንደ ስብሰባችሁ የበዛ፣ ዕድሜያችሁም እንደ ቃለ ጉባኤያችሁ የረዘመ ይሁን እያልኩ በአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሰብሳቢያችን ወንድም ዘርይሁን በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጡ፣ «ሳክስፎኑ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱ የሚያዋጣው ትንፋሹን ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ትክክል ናቸው። ትንፋሼንም ለኮሚቴ ስላልመራችሁት ከልብ አመሰግናለሁ።

ከንፈሬ የሚያርፍበት የሳክስፎኑ ጫፍ፣ ማለትም ማውዝፒሱ፣ በተሰነጠቀ ጊዜ ከፓርክላንድስ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ሁለት አዳዲስ በውሰት አምጥቼ፣ አንዱን እንድመርጥ ፈቃዳችሁን ጠይቄ ነበር። ስለ ውጤቱ የሚከተለውን በትሕትና ላንሳ።

1ኛ. የብረቱ ከድራሙና ከኪቦርዱ በላይ እንደሚሰማ ፊታችሁ ነፍቼ አሳየሁ። ነገር ግን ሻጩ «ጃዝ የሚጫወቱ ይወዱታል» ማለቱን በየዋህነት ስለነገርኳችሁ፣ ዓለማዊ ሆኖ ተገኘ። ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሰጠው ጥቁሩ ጎማ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ መንፈሳዊ ተባለ። ጎማ በአንድ ስብሰባ ጌታን ሲቀበል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

2ኛ. እኅት ጌጤ ብቻ «ብረቱ በመዝሙር ቪሲዲያችን ላይ ያበራል» ብለው ስለተከራከሩልኝ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

3ኛ. እናቴ አስናቀች ስነፋ ሰምታኝ አታውቅም። ለትንሣኤ ከሐዋሳ ስለምትመጣ፣ ለዚያች እሑድ ብቻ የብረቱን ፍቀዱልኝ ብዬ ለመንኳችሁ። «እንጸልይበት» አላችሁ። ትንሣኤ አለፈ፤ ጸሎቱ እንደቀጠለ ነው። እኔም በመንፈሳዊው፣ የሸሚዜ ቁልፍ እስኪበጠስ ድረስ ነፋሁ። እናቴ እስከ ቡራኬው በትዕግሥት ተቀምጣ ቆየችና ወደ ቤት በሚወስደን ሚኒባስ፣ በማታቱ ውስጥ፣ «ልጄ፣ ፊትህ ቀልቶ ነበር፤ አሞህ ነው ሳትነፋ የቀረኸው?» አለችኝ።

ማክሰኞ ወደ አገሯ ተመልሳለች። መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ አላውቅም፤ የእናንተ ቀጣይ ስብሰባ ግን ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ።

ሳይሰማ በማገልገሉ ዘወትር የሚኮራ፣
ወንድማችሁ ኤልናታን

ማሳሰቢያ፦ በጀመራችሁት እጅ ለድራሚስታችን ለኪሩቤልም ድምፅ የማያሰማ ዱላ ብትመርጡለት፣ የቀረው ጉባኤ በሰላም ይተኛ ነበር። ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ስለጥፍ፣ የድምፅ መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ባልቻ መጥቶ አነበበው። በትንሣኤ ዕለት የእኔ ማይክሮፎን አልተሰካም ነበር አለኝ።