ወንድሜን በኮረዳ ድምፅ ላናገሩት ኃላፊ

ለተከበሩ የንግግር ፕሮግራሙ ሥራ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ በተለይ ደግሞ ጉሮሮዎ ደህና እንደሆናችሁ በማመን ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

ታላቅ ወንድሜ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጉሮሮው በቀዶ ሕክምና ታክሞ ድምፁን ካጣ ወዲህ እሱ ይጽፋል፣ በእናንተ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ያነብለታል። ወፍራምና ዝግ ያለ ድምፅ መርጦ ነበር፤ እኛም ለምደነው፣ ሲቆጣ እንኳ እንፈራው ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በላካችሁት አፕዴት የድምፅ ምርጫዎቹ የተቀመጡበትን ፎልደር ጠራርጋችሁ ስላጸዳችሁልን። ፕሮግራሙ በማግስቱ «ፎልደሩ አልተገኘም» ብሎ ተዘጋ። የፎልደሩን ስምም ቦታም አሳምሮ ያውቃል፤ አዲስ መሥራት ግን ክብሩን የሚነካው ይመስለኛል። ስንደውል አንድ ትሑት ሠራተኛችሁ ፎልደሩን ወደ ቦታው እንድንመልስ መከረን። የጠፋ ነገር መድኃኒቱ መገኘት መሆኑን እስከዚያ ቀን የነገረን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ ሌላ አፕዴት ስለላካችሁ። አሁን ፕሮግራሙ ፎልደር ሲያጣ ማንንም ሳይጠይቅ አዲስ ይሠራል፤ በውስጡም ያለችው አንዲት ቀጭን የኮረዳ ድምፅ ብቻ ናት። ወንድሜ ጺሙን እያሻሸ ምሳ ደርሶ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ሚስቱ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላ ከጓዳ ወጣች። ሌሎቹ ድምፆች ከሠርጉ በኋላ እንደሚመጡ በትሕትና ገለጻችሁልን።

ሦስተኛ፣ ይህኛው እንኳ የእውነት ምስጋና ነው። ወንድሜ «በዚህ ድምፅ ልጄን አልድርም፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ» ብሎ አኩርፎ ነበር። ልጅቱ ግን «አባዬ፣ ቃሉ ያንተ ይሁን እንጂ ድምፁ የማንም ይሁን» ብላ ለመነችው። በሠርጉ ዕለት ተነሥቶ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ሲጫን ኮረዳዋ በዚያ ቅልስልስ አንደበቷ «ልጄን ያስለቀሰ ሰው ጉዳዩ ከእኔ ጋር ነው፤ አውቶቡስ ስነዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አለች። ሙሽራው ለመፍራት ሞክሮ አልሆነለትም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ወንድሜም ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ያለ ድምፅ ሳቀ። ልጅቱም አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ይህን ያህል ደስታ አስባችሁ እንዳላደረጋችሁት ባውቅም፣ እጃችሁ ይባረክ።

የእናንተ ፎልደር ሁሉ በየቦታው ውሎ እንዲያድር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

በእናንተ ቸርነት ባለ እህት የሆንኩ፣
የሾፌሩ ታናሽ

ሳልረሳው፦ ሐኪሙ የወንድሜን ድምፅ ከመውሰዱ በፊት ቁጭ አድርጎ አስረድቶት፣ ፈቃዱንም ጠይቆት ነበር።