ለተርቧ የገዛነው ካርድ

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ፣ ብርድ ሲነካህ የማይለቅህ ጉንፋንህስ እንዴት ነው? ምሳህን ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ አሁንም ቆመህ ጎርሰህ ትሮጣለህ? ባለፈው በላክኸው ፎቶ ላይ ጉንጭህ ገባ ብሎ ስላየችው እማማ ሁለት ቀን ሙሉ «ልጄ ከስቷል» እያለች ራሳችንን አዞረችን። እኔ የመብራቱ ነገር ነው ብዬ አስተባበልኩልህ፤ ለእኔ ግን እውነቱን ጻፍልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር ይህ ነው የሚባል ችግር የለብንም። ጣሪያው ያፈስብን ነበር፣ እሱም አሁን ቆሟል። የምጽፍልህ ስለዚያው ጣሪያ ነውና ወንበር ስበህ ተቀመጥ።

ከወረቀቱ ጥግ ላይ በሰማያዊ ክር የተሰፋች ትንሽ የጨርቅ ኪስ ታገኛለህ። ውስጧ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ አለች። በመቀስ ሳይሆን በመርፌ ፍታት፤ አንተ መቀስ ስትይዝ አውቅሃለሁ። ካርዷ ላይ ያለው ፊልም አንተ ትተኸው በሄድከው ድሮን የተነሳ ነው። በስልክ ልልክልህ ሞክሬ ነበር፤ ሲላክ ግን ምስሉን አጭቆ አደበዘዘው። አንተ ማየት ያለብህ ነገር ደግሞ ከሚስማር ቀዳዳ አይበልጥም። ለዚህ ነው እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳሁት።

አባባ ከወደቀ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንተ ከሄድክ ደግሞ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናንተ ሁለታችሁ በስልክ ስትገናኙ ከ«ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» አልፋችሁ አታውቁም። የምታስበውን አውቃለሁ። ያን ቀን መሰላሉን የያዝከው አንተ ነበርክ። ስልክህ ጠራ፣ አንድ እጅህን አነሳህ፣ መሰላሉ ተንገዳገደ፣ አባባ ወደቀ፣ ጭኑ ተሰበረ። ዱላ ይዞ በተራመደ ቁጥር አንተ እንደሰበርከው አድርገህ ትቆጥረዋለህ። እኛም፣ ልዋሽህ አልፈልግም፣ አፍ አውጥተን አላልንህም እንጂ በሆዳችን እንደዚያው ነበር የምናምነው። ስለዚህ የምጽፈውን አንድ መስመር ሳትዘል አንብበው።

ነገሩ የጀመረው ከእማማ አልጋ ነው። አምና ከጓዳው ጥግ ጠብ ጠብ ይል የነበረው ውሃ ዘንድሮ ገና በመጀመሪያው ዝናብ በኮርኒሱ ላይ እየተሳበ መጥቶ ትራሷ ላይ አረፈ። አልጋውን ወደ በሩ ገፋነውና በቦታው ሳፋ አስቀመጥን። ጣሪያ ሠሪ እንጥራ አልኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ቤት ሲከድን የኖረው አባታችን በእኔ ቤት ላይ ሌላ ሰው አይወጣም፣ ራሴ አየዋለሁ ብሎ ድርቅ አለ። በየትኛው እግሩ? ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሰላሉን ሲነካካ እማማ ሁለቴ ያዘችው። በሁለተኛው ቀን መሰላሉን አሸክማ ጎረቤት ግቢ ደበቀችው። እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

ድሮንህ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አቧራ ጠግባ ተቀምጣለች። እማማ ድምጿ ስለማይጥማት ተርብ ነው የምትላት፤ እኔም ለመድኩት። እኔ ላስነሳት፣ አባባ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጣሪያውን ይየው አልኩ። እሱም መሰላል ስለሌለው ሳይወድ በግዱ እሺ አለ። ባትሪዋን ሞልቼ ስከፍታት ካርድ የላትም፤ ነቅለህ ይዘኸው ሄደሃል። በቀጥታ ስልኬ ላይ የሚታየውን ምስል እንዳልጠቀም በፀሐዩ የተነሳ ከራሴ ፊት በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ለአባባ ዓይንማ ተወው። ቀርጾ በቴሌቪዥን ማየት የግድ ሆነ።

እኔ ደግሞ ስለ ካርድ ምን አውቃለሁ? ጨርቅና ክር ብትለኝ ዓይኔን ጨፍኜ እመርጥልሃለሁ። አባባን ብጠይቀው ትልቁን ገዝተሽ ተገላገይ፣ ሁለተኛ አትመላለሺ አለኝ። ገበያ ወርጄ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ አንድ ምላሰኛ ዘንድ ቆምኩ። አምስት መቶ አሥራ ሁለት ጊጋ የሚል ካርድ አወጣልኝ፣ ዋጋውም ከትንሾቹ ይረክሳል። የአሥር ሙሽራ ሰርግ ቢቀረጽበት አይሞላም ብሎ ማለልኝ። ርካሽ ጨርቅ ገዝተው ስፊልን የሚሉኝን ደንበኞች ስንት ዓመት ስታዘብ ኖሬ፣ እኔው ተሸውጄ ተፍለቅልቄ ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ግቢው መካከል ቆሞ አውቶቡስ የሚያስገባ ይመስል «ወደ ቀኝ፣ ቀስ፣ ቀስ» እያለ መራኝ። ተርቧ ተነሳች። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ካርዱ ዘገምተኛ ነው የሚል ጽሑፍ ስልኬ ላይ ብቅ አለና ቀረጻው ቆመ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ቆመ። የተገኘችውን ቁርጥራጭ ቴሌቪዥኑ ላይ ስንከፍታት ምስሉ ከፊት ለፊቱ ክዳን ተነስቶ አናቱን ይሻገራል፤ ወደ ኋላው ጥግ ሊዞር ሲል ቀጥ ብሎ አረንጓዴ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አየነው፣ ሦስት ጊዜም እዚያው ቆመ። አባባ ግን በቃ አይቼዋለሁ፣ የሚያሳስብ ነገር የለውም ብሎ ተነሳ። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። እኔ ሞኟ ጣሪያው ደህና ሆኖ መስሎኝ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሳፋው እስከ አፉ ሞላ።

ካርዱን ይዤ ከስፌት ሱቄ ጎን ያለችው ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒውተሯ ላይ ሰክታ አየችውና ቁጥሩ የውሸት ነው አለችኝ። ላዩ ላይ አምስት መቶ ይበል እንጂ ውስጡ ሠላሳ እንኳ አይሞላም። እውነተኛ ቢሆንም ለድሮን አይሆንሽም ነበር አለች፤ ካሜራዋ በየሰከንዱ ብዙ ምስል ስለምታወርድ ካርዱ በዚያው ፍጥነት መጻፍ መቻል አለበት። ከመሳቢያዋ ስልሳ አራት ጊጋ የሆነች ካርድ አወጣች። ላይዋ ላይ የፍጥነቷ ምልክት፣ ቪ 30፣ ተጽፎባታል። ስንት ይይዛል ከማለትሽ በፊት ይህን እዪ አለችኝና እዚያው ሞክራ ሰጠችኝ።

ቤት ገብቼ ለአባባ ላስረዳው ስጀምር ሳልጨርስ ገባው። የአሸንዳ ነገር ነው አለኝ። በርሜሉ የቱንም ያህል ቢሰፋ አሸንዳው ጠባብ ከሆነ፣ ዶፍ ሲወርድ ውሃው በርሜሉ ጋ ሳይደርስ በጠርዝ ይፈሳል። ያ ምላሰኛ ነጋዴ ቢሰማው ብዬ ሳቅኩ። አባባ ግን አልሳቀም። መልሰሽ ልታስነሻት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠራ። ጠጋኟ እንዳዘዘችኝ አዲሱን ካርድ ተርቧ ውስጥ ከትቼ እዚያው በራሷ ፎርማት አድርጌው አስነሳኋት። ቀረጻው አንዴም አልቆመም። ቴሌቪዥኑ ላይ ስንከፍተው በእያንዳንዱ ሚስማር ሥር ያለው ጎማ ሳይቀር ይቆጠራል። እማማ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ አባባ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ተርቧ ወደ ኋላው ጥግ ዞረች። እዚያ አንድ ቆርቆሮ ከሌሎቹ መስመር ስንዝር ያህል ወደ ታች ተንሸራቶ ይታያል። ሚስማር የለውም፤ አንድም። በተከፈተው በኩል ቆርቆሮው የሚመታበት ሞራሌ እንጨት ጠቁሮ ይታያል። ውሃው የሚገባው በዚያ ነው። አባባ ማንም ሳይናገር «አቁሚው» አለኝ። አቆምኩት።

«እዚህ ላይ ነው የረገጥኩት» አለ። «መሰላሉን ለቅቄ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ነበር። ይቺን ቆርቆሮ ከምሳ በኋላ እመታታለሁ ብዬ እንዲሁ አጋድሜያት ረሳኋት። ከሥሬ ከዳችኝ። መሰላሉን ስወድቅ በእግሬ የመታሁት እኔ ነኝ።»

አንተም ታውቃለህ፣ ሥራ ላስተማራቸው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ሚስማር ያልመታህበትን ቆርቆሮ አትርገጥ። እኔና አንተ እንኳ መዶሻ ሳንይዝ ስንሰማው ነው ያደግነው። ራሱ ሻረው። ሌላ ሠራተኛ ጣሪያው ላይ እንዳይወጣ የከለከለውም ለዚህ ነበር፤ የሚመጣው ሁሉ ተማሪው ነው፣ አንዴ ቢያይ ይበቃዋል። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተንበርክከህ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ስትል ሰምቶሃል። ነገ እነግረዋለሁ አለ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ አንተ ሻንጣህን አነሳህ።

ወንድሜ፣ ተናደድኩ። አባቴ ላይ እንዲያ እናደዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለት ቀን አላናገርኩትም፤ ሻዩን እንኳ ፊቱን ሳላይ ነበር የማስቀምጥለት። እማማ ግን የዚያኑ ዕለት፣ ተናግሮ እንደጨረሰ፣ «ለአንድ እፍኝ ሚስማር ብለህ ልጄን አሸማቀቅህብኝ?» አለችው። ከዚያ ያጣጠፈችውን ልብስ ሁሉ እንደገና ዘርግታ እንደገና አጣጠፈችው።

በሦስተኛው ቀን በራሱ ስልክ የድሮ ተማሪውን፣ ያንን ከሲታውን ስንጥር የምንለውን ጠራው። ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጦ ፊልሙን አሳየው፤ የሆነውንም በራሱ አፍ ነገረው። ስንጥር አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ አልሳቀም፣ የሚያጽናና ቃልም አልፈለገም። መሰላሉን ከጎረቤት አምጥቶ ወጣና ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መልሶ መታው። እማማም አልጋዋን አስመለሰች።

ይቅር በለው ብዬ አልጽፍልህም፤ እሱ የአንተ ጉዳይ ነው። ብትቆጣም እውነት አለህ፣ እኔ ራሴ ገና አልበረደልኝም። ለእኔም ቢሆን ይቅርታህን እፈልጋለሁ፤ አልጠየቅኩህም፣ ዝም ብዬ አመንኩብህ። እንድታውቅ የምፈልገው ግን አንተ እንዳልጣልከው ነው። ፊልሙን አይተህ ስትጨርስ ካርዷን ለራስህ አድርጋት፣ ደህና ካርድ ናት።

እማማ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች፤ ቁርስ ሳትበላ ከቤት እንዳትወጣ ብላሃለች። ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፤ ድሮን ያበረርኩት በእሱ ትምህርት እንደሆነ ያወራል፣ አትመነው። ልጄ ሁለት የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ስምህን በትክክል መጥራት ተስኗታል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ትጠራሃለች። ስንጥርም አክብሮቱን ልኮልሃል።

አባባ ሰላምታ ብቻ መላክ አፍራለሁ አለኝ። ደብዳቤው እስኪደርስህ ጠብቆ ራሱ ይደውልልሃል። እስከዚያው ግን ዱላውን ተደግፎ ከራስጌዬ ቆመና ይቺን ቃል በቃል አጻፈኝ፤ ከጻፍኩም በኋላ እስቲ አንብቢልኝ አለ፦ «ልጄ መሰላሉን አልለቀቀም። መሬት ላይ ሆኜ ቀና ስል፣ በአንድ እጁ እንደያዘው ነበር።»

የምትወድህ እህትህ
ከቤታችን፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ሐምሌ 9 ቀን